ለ5ኛ እና ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ሜትር፣ ሊትርና ኪሎ ትምህርት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንደምን ከረማችሁ?

በዚህ ሰሞን ልጆቻችሁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መለኪያዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ እየተማሩ ነው። ኪሎ ሜትርን ወደ ሜትር፣ ግራምን ወደ ኪሎ፣ ሊትርን ወደ ሚሊ ሊትር። ሲያዩት ቀላል ነው። በ10፣ በ100 ወይም በ1,000 ማባዛትና ማካፈል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ፈተና ስናርም ግን ጎበዝ የምንላቸው ልጆች ሳይቀሩ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ስለዚህ መምህራኖቻችን አስተማመራቸውን ትንሽ ቀይረዋል። ከእናንተም የምንፈልገው ነገር አለ።

መጀመሪያ ችግሩን ላሳያችሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሜትር ስንት ይሆናል? 25,000። ብዙ ልጆች ግን 250 ብለው ይጽፋሉ። ኮምቦልቻ 250 ሜትር ላይ ብትሆን ኖሮ የሀረጎን ጠመዝማዛ ማን ይወርድ ነበር? እዚሁ ቆመን እንጠራራ ነበር።

ስህተቱ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም። የርዝመት መለኪያዎች በደረጃ ተደርድረዋል፦ ኪሎ ሜትር፣ ሄክቶ ሜትር፣ ዴካ ሜትር፣ ሜትር፣ ዴሲ ሜትር፣ ሴንቲ ሜትር፣ ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱ ከሚከተለው 10 እጥፍ ይበልጣል። ሄክቶ ሜትርንና ዴካ ሜትርን ግን ገበያም ሆነ ቤት ውስጥ የሚጠራቸው የለም። ልጁ ሰምቷቸው ስለማያውቅ ይዘላቸዋል። ሦስት ደረጃ መውረድ ሲገባው አንድ ብቻ ይወርድና 250 ላይ ይቆማል። ዝርዝሩን በቃሉ የሸመደደው ልጅ እንኳ ጥያቄው ሲመጣ ያደናግረዋል፤ በጣቱ እየቆጠረ አንዱን ሁለቴ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው። «ኪሎ ከግራም ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ላባዛ» ይላል ልጁ። 350 ግራም ቡና ስጡትና ወደ ኪሎ ለውጥ በሉት። አባዝቶ 350,000 ኪሎ ያመጣላችኋል። 3,500 ኩንታል ማለት ነው! መልሱ 0.35 ኪሎ ነበር። ልጁ የጻፈውን ቁጥር መለስ ብሎ ቢያየው ኖሮ ራሱ ይስቅ ነበር። አላየውም።

ስለዚህ አሁን ክፍል ውስጥ ማንም ልጅ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ቁጥሩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ወደ ትንሽ መለኪያ ስንሄድ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ወደ ትልቅ ስንሄድ ይቀንሳል። ይህን በቃሉ ሲናገር ብቻ ወደ ማባዛት ወይም ወደ ማካፈል ይገባል። በየመስመሩም ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውን እንዲጽፍ ይገደዳል። «25» ብቻ ብሎ የጻፈ መስመር ማርክ የለውም። ጥብቅ ይመስላል፣ አውቃለሁ። አንዳንድ ልጆች ቤት መጥተው እንዳማረሩም ሰምቻለሁ። አብሽሩ፣ ይለምዱታል።

ካሬ ላይ ሲደረስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ካሬ ሜትርስ? ከትልልቅ ሰዎችም ብዙዎች 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይላሉ። ትክክለኛው 10,000 ነው። ምክንያቱም ርዝመቱም 100 ነው፣ ወርዱም 100 ነው፤ ሁለቱ ይባዛሉ። 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማለት 10 በ10 የሆነች፣ የመዳፍ ያህል ቁራጭ ናት። ቤታችሁ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴራሚክ ካለ ልጁን አስቆጥሩት፤ አራቱ አንድ ላይ በትክክል 1 ካሬ ሜትር ይሞላሉ። ገጠር ዘመድ ጋ የሚሄዱ ልጆች ደግሞ ማሳ ይዩ። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ጥማድ በየአካባቢው ይለያያል፤ በአብዛኛው ግን ሩብ ሄክታር ተብሎ ይያዛል። ያ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር፣ ወይም 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ ነው። በእግሩ ዞሮት የመጣ ልጅ ሄክታርን አይረሳም።

ለውሃ ከሁሉ የሚሻለው ደብተር የውሃ ቢሉ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው በሜትር ኪዩብ ነው። 1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን። ባለፈው ወር ስንት ጀሪካን ውሃ እንደተጠቀማችሁ ልጃችሁ ያስላላችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ስሌት ለቤቱም ይጠቅማል፣ መቼም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ሊትርና ኪሎ እርስ በርስ እንዲሁ አይለወጡም። አንዱ የሚለካው ይዘትን ነው፣ ሌላው ክብደትን። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሁሉም ነገር እንደዚያው ይመስለናል። ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ግን 5 ኪሎ አይሞላም፤ ዘይት ከውሃ ይቀላል። ማር ደግሞ ይከብዳል፣ 1 ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ ይጠጋል። ማር በሊትር ገዝቶ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

መድኃኒት ላይ አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር። ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ስጡ ከተባለ ከመድኃኒቱ ጋር በመጣው መለኪያ ይለካ። የቤት ማንኪያ ትልቁም ትንሹም ማንኪያ ይባላል። ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትርም አንድ አይደሉም፤ ሚሊ ግራሙ የመድኃኒቱ መጠን ነው፣ ሚሊ ሊትሩ የፈሳሹ። በ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ ከሆነ ደግሞ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይበቃዋል። ልጃችሁ ይህን ቢያነብላችሁ ደስ ይለኛል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የጤና ባለሙያው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት ይደርሳችኋል። ልጁ ቤት ውስጥ የራሱን ቁመት፣ የጠረጴዛ ርዝመት፣ የአንድ ዕቃ ክብደትና የአንድ ዕቃ ይዘት ለክቶ በሁለት መለኪያ ይጽፍበታል። ምንም ነገር እንዳትገዙ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ በቂ ነው፤ 150 ሴንቲ ሜትር አለው። የአናጺ ሜትር ከሆነ ኢንች ያለበትን ጎን ትታችሁ በሴንቲ ሜትሩ ለኩ። ሚዛን የሌለው ሰው ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላል፤ ወይም የሰፈር ሱቅ ሄዶ ያስመዝን።

ስልኩን ግን አርቁልኝ። ካልኩሌተር ያባዛል፣ ያካፍላል፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ ግን አይነግረውም። መልሱንም አትንገሩት። ሲጨርስ «ይህ መልስ ይመስልሃል?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት።

«እኛ አልተማርንም፣ በምን እንረዳዋለን?» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰኞ ገበያ እህል የምትመዝን እናት፣ በርበሬ በሩብ ኪሎ የምትሸጥ እናት፣ አሸዋና ሲሚንቶ የሚያቦካ አባት፣ ጨርቅ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ይህን ትምህርት በየቀኑ ይሠሩታል። ሩብ ኪሎ 250 ግራም መሆኑን ከእኛ ይልቅ ከእናንተ እጅ ቢያዩት ይገባቸዋል። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሚዛኑን ይዞ ክፍል መጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢያሳያቸው መምህራኑ ቦታ ይለቁለታል። ሻይ ከእኛ።

የተሞላውን ወረቀት እስከሚቀጥለው ዓርብ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ላኩልን። ክፍል መጥቶ ማሳየት የሚፈልግ ወላጅ በወረቀቱ ጀርባ ስሙንና የሚመቸውን ቀን ይጻፍ፤ መጻፍ የማይመቸው በልጁ ይላክብን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ደሴ