የጉድጓዱ ባለቤት፦ የሥነ ዜጋ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የጀመረው ከጉድጓድ ነው። ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት የነበረው የብረት ክዳን ተሰረቀ። ሳምንት ሳይሞላው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ገባበትና እግሩን ወለም አለው። በማግስቱ ልጆቹ መጥተው ከበቡኝ። "ቲቸር፣ ለከንቲባዋ ደብዳቤ እንጻፍ!" መጀመሪያ ወረዳ እንሂድ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ወረዳ መታወቂያ ማውጫ እንጂ ሌላ ነገር አይመስላቸውም።

ወረዳ አቤቱታችንን መዝገብ ላይ አሰፈሩልንና አንድ ጥያቄ ጠየቁን። "ጉድጓዱ የማን ነው?"

ለካስ የከተማ ጉድጓድ ሁሉ ባለቤቱ አንድ አይደለም። የዝናብ ውሃ መውረጃ ከሆነ የመንገድ ሰዎች ጉዳይ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሆነ የውሃና ፍሳሽ። የስልክ ገመድ ካለበት ደግሞ የሌላ። ተመልሰን ሄድን። አንዷ ልጅ "ሽታው ይነግረናል" ብላ ጎንበስ አለች። ምንም አይሸትም። የቀሩትን ክዳኖች እየተከተልን ቁልቁል ስንወርድ መስመሩ ወንዙ ጋ አደረሰን። የዝናብ ውሃ ነው ማለት ነው። ግማሽ ቀናችንን በላ፤ ዓመቱን ሙሉ ካስተማርኳቸው ነገር ሁሉ ግን ይህን የሚረሱት አይመስለኝም።

ደብዳቤው ለመንገድ ሰዎች ገባ። መልሱም በቃል መጣ፦ "በጀት የለም።" ከዚያ በኋላ ክበቡ ሌላ ክበብ ሆነ። በጀትን ማን ያጸድቃል? መቼ? ከየት አምጥቶ?

በአዲስ አበባ ቻርተር፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት የከተማዋን በጀት የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። 138 መቀመጫ አለው። እኛ 46 ነን። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የሦስት ወንበር ድምፅ ይዞ "ምክር ቤት" ተቋቋመ። አፈ ጉባኤዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ መዶሻ ስላልነበራት ጠረጴዛውን በዳስተር ትመታ ነበር። ጠመኔው ሁላችንንም አስነጠሰን። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት "ድምፀ ተአቅቦ" የሚለውን ቃል ነው፤ አለመደገፍም አለመቃወምም ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ ጉባኤ ተአቅቦ ነበር።

ከዚያ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። የከተማዋ የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። ዜሮዎቹን ለመጨረስ ሰሌዳው ጠበበን። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 630 ሚሊዮን ብር ገደማ ይመጣል። "ታዲያ አንድ ክዳን እንዴት ይጠፋል?" አለ ከኋላ የተቀመጠው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ይህ ብር ካዝና ውስጥ ተከምሮ የሚቀመጥ አይደለም። ገና ሲጸድቅ መደበኛ (ለደመወዝና ለዕለት ተዕለት ሥራ) እና ካፒታል (ለግንባታና ለመሳሰለው) ተብሎ ይከፈላል፣ ከዚያም በየቢሮው ይደለደላል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። እኛ ጥቅምት ላይ ስንደርስ ድግሱ አልቆ ሳህን እየታጠበ ነበር። አቤቱታም እንደ እህል ወቅት አለው ማለት ነው፤ ዕቅድ ሲዘጋጅ ካልተዘራ ቀጣዩን ዓመት ይጠብቃል።

የገቢው ነገር ደግሞ የበለጠ አስገረማቸው። አዲስ አበባ እንደ ክልሎቹ ከፌዴራል መንግሥት የድጎማ በጀት አይመደብላትም። ወጪዋን የምትሸፍነው በዋናነት ከራሷ ነዋሪና ነጋዴ በምትሰበስበው ነው። ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብር አለ፣ የመሬት ሊዝ አለ፣ የጣሪያና ግድግዳ አለ። አንድ ልጅ አያቱ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡትን የቤት ግብር ደረሰኝ ይዞ መጣ። የዚህ ግብር መነሻ አዋጅ በደርግ ዘመን የወጣው ቁጥር 80/1968 ነው። ጥር ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጁን ሲያጸድቅ የእኛም ጉባኤ ተከፈለ። ቤተሰቦቹ የራሳቸው ቤት ያላቸው ተቃወሙ፤ ተከራዮቹ ደገፉ። ከዚያ አንዷ ተነስታ "አከራያችን ኪራዩ ላይ ይጨምሩብናል እኮ" ስትል ከደጋፊዎቹ ጥቂቶቹ ወደ ተአቅቦ ተመለሱ። እኔ ዝም አልኩ። የራሴ ኪራይ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ስለ ኦዲትም ልናገር፣ ባይመቸኝም። የከተማው ዋና ኦዲተር ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። እኛም ይህን አይተን ሦስት ልጆች ኦዲተር አድርገን መረጥን። በወላጆች ቀን ቆሎና ሻይ ሸጠን ያገኘነውን ብር መረመሩ። 120 ብር ጎደለ። ያለ ደረሰኝ ማርከር የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ጉባኤ ፊት ቆሜ አስረዳሁ። ማርከሩን አሳየሁ። "ማርከር ደረሰኝ አይደለም" ተባልኩ። ከኪሴ ከፈልኩ፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው፣ አንድም ተአቅቦ አልነበረም።

ልጆቹ ደብዳቤውን በወረቀትና በእግር ሲከታተሉ ከረሙ። የገባበትን ቁጥር የክበቡ ጸሐፊ ደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋዋለች። ግንቦት ላይ ሁለት ሠራተኞች መጥተው የኮንክሪት ክዳን አስቀመጡ። ብረቱን የወሰደው ሰው ይህን አይፈልገውም። ብቻ ትንሽ ስላልተስተካከለ መኪና ሲያልፍበት ቋ ይላል፤ ከፊት ያሉት ክፍሎች ትምህርት ይረበሻል። ጸሐፊያችን ዘንድሮስ የቀጣዩ ዓመት በጀት ሳይጸድቅ ልድረስ ብላ አዲስ ደብዳቤ አርቅቃለች።