የጤና ክበብ ዘገባ፦ ከአረጋውያን የመድኃኒት ከረጢት ያነበብነው

ክበባችን ዘንድሮ አረጋውያን በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒት ሲወስዱ ስለሚገጥማቸው አደጋ ለመሥራት ሲወስን፣ ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የተማሪ አይደለም ያሉን ነበሩ። ይሁን እንጂ የአያቱን ኪኒን ቆጥሮ የሚያቀብለውና የመድኃኒቱን ካርቶን የሚያነበው በብዙ ቤት ተማሪው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በጀመረው የመድኃኒት ደኅንነት ዘመቻ ይህንኑ ጉዳይ ከሦስቱ ቀዳሚ ትኩረቶቹ አንዱ አድርጎታል።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስብሰባዎች መሠረታዊውን ተማርን፤ ብዙ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 5 እና ከዚያ በላይ መድኃኒት ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት መድኃኒትን የማስወገድ አቅሙ ስለሚቀንስ ለጎልማሳ የሚስማማው መጠን ለአረጋዊ ሊበዛ ይችላል።

ከልቤ ያልወጣው ግን ከአንዲት የፋርማሲ ባለሙያ ጋር ወደ አረጋውያን መኖሪያ የሄድንበት ቀን ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀምጣ ከከረጢታቸው የወጡትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ስትመዘግብ 8 ደረሰች፤ ከዚያም ሁለት ካርቶኖችን አጠጋግታ ዝም አለች። በትልቁ የተጻፈው ስማቸው የተለያየ ነው፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው የመድኃኒቱ የራሱ ስም ግን በሁለቱም ላይ አይቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነበር። «እማማ፣ ሁለቱንም ይወስዳሉ?» ስትላቸው «አንዱ የጉልበቴ፣ አንዱ የወገቤ ነው፣ ልጄ» አሏት። ከዝርዝሩ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልና የሚያሸናው ፍሮሴማይድም ስለነበሩ፣ እነዚህ ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን ክፉኛ ሊጎዱ እንደሚችሉ ባለሙያዋ አስረዱን። ተማሪያችን «ይተዉት» አላለችም፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደጋ እንዳለው ተምራለችና ዝርዝሩን ለባለሙያዋ አስረከበች፤ እሳቸውም በዚያው ዕለት የእናትየዋን ሐኪም አነጋገሩ። ወረቀቱን ስትሰጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንዳሰብነው አልሄደም። የመሰብሰቢያ ክፍላችን ለፈተና በመወሰዱ ሦስት ስብሰባዎች ቀርተዋል፤ ሁለተኛው ጉብኝትም በመኪና እጦት ተሰርዟል። ለስፖርት ውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ በዓመት ሁለት ቀን ቢሰጥ የበዛ ጥያቄ አይመስለኝም። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ ሰዓትና የታዘዘበትን ምክንያት የሚይዘውን መመዝገቢያ ካርድም ተማሪዎቹ እስካሁን በእጃቸው እየጻፉ ነው የሚያድሉት፤ ለማሳተም የሚረዳን ወላጅ ካለ ዘወትር ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ያገኘኛል።