ወንዝ ከመጽዳቱ በፊት ጎርፉ ይለካ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ከተማ ወንዞች መበከልና ጽዳት የምታወጧቸውን ጽሁፎች ሁሌም አነባለሁ፣ ርዕሱን ስላልተዋችሁት ከልብ አመሰግናለሁ። ግን ደጋግሞ የሚቀር ነገር አለ፣ እሱን ነው ልጽፍላችሁ የፈለኩት። ወንዝ ተበከለ ሲባል ወዲያው የሚነሳው ፋብሪካና የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ወንዝ ዳር የሚጣለው ፌስታልና ፕላስቲክ። እነዚህ አሉ፣ ማንም አይክዳቸውም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ከአስፋልቱ ከጣራው ከመኪና ማቆሚያው ከግንባታ ቦታው ታጥቦ በየዲቹ አርጎ ምንም ሳይጣራ ቀጥታ ወንዙ ውስጥ የሚዘረገፈውን ጎርፍ ማንም አይቆጥረውም፣ የጽዳት እቅድ ሲወጣና በጀት ሲያዝ እሱ የለም። እኔ የምለው ጎርፉ ሳይለካና በሞዴል (በኮምፒውተር ስሌት) ሳይሰላ ወንዝ ለማጽዳት የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ባክኖ የሚቀር ነው።

ሰው የዝናብ ውሃ ንጹህ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ከሰማይ ሲወርድማ ብዙም ችግር የለበትም፣ ችግሩ መሬት ከነካ በኋላ ነው። መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር የፍሬን ሸራው እየተፋቀ ብናኝ ይጥላል፣ ብዙ የፍሬን ሸራ ውስጥ ደግሞ መዳብ አለ። ጎማ አስፋልት ላይ እየተበላ ዚንክ ይተዋል፣ የቆርቆሮ ጣራም በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ትንሽ ትንሽ እየሟሟ ይወርዳል። የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት አለ፣ የጭስ ጥላሸት አለ፣ የእንስሳት እዳሪ ከነባክቴሪያው አለ፣ ከግንባታ የሚታጠብ አፈር አለ። ይሄ ሁሉ በደረቁ ቀን ዝም ብሎ ይጠራቀማል። አሜሪካ ውስጥ ከ1979 እስከ 1983 (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በ28 ፕሮጀክቶች የከተማ ጎርፍ እየተቀዳ ሲመረመር በብዛት የተገኙት ብረቶች መዳብ፣ እርሳስና ዚንክ ነበሩ። ከዛ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከገበያ ሲወጣ ጎርፉ ውስጥ ያለው እርሳስም አብሮ እየወረደ መጣ። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ወንዝ ዳር አንድ አካፋ ሳይነሳ ምንጩ ላይ በተወሰደ እርምጃ ብቻ ማለት ነው። በ1987 ደግሞ የውሃ ህጋቸውን አሻሽለው የከተማ ጎርፍ የሚወጣበትን ትቦ እንደ ፋብሪካ ፍሳሽ ፈቃድ የሚያስፈልገው አደረጉት።

መጠኑን በትንሽ ሂሳብ ላሳያችሁ። 1 ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 100 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። መሬቱ ሳርና አፈር ከሆነ አብዛኛው ይሰርጋል፣ ለፈጣን ግምት በምንጠቀምበት ቀላል ቀመር 5 በመቶው ብቻ ነው የሚፈሰው፣ ያ ማለት 5 ሜትር ኩብ። እሱኑ መሬት ሙሉ በሙሉ አስፋልትና ኮንክሪት ስናለብሰው ግን 95 ሜትር ኩብ ይፈሳል። ዝናቡ ያው ነው፣ መሬቱም ያው ነው፣ ጎርፉ ግን 19 እጥፍ ሆነ። በያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ደቃቅ አፈርና ብናኝ አለ ብንል፣ ለከተማ ጎርፍ የተጋነነ ቁጥር አይደለም፣ ከዛች 1 ሄክታር በአንድ ዝናብ 9.5 ኪሎ ይሄዳል። 1,000 ሄክታር ሲሆን 9.5 ቶን። ዝናቡ አንዴ ብቻ አይደለም የሚዘንበው፣ እና ብረቱም ዘይቱም በብዛት የሚጣበቀው ደቃቁ ብናኝ ላይ ነው፣ በመጥረጊያ መኪና መንገድ ሲጠረግ ደግሞ በቀላሉ የሚነሳው ትልልቁ ነው፣ ደቃቁ እዛው ቀርቶ ዝናብ ይጠብቃል።

ሞዴል የሚባለው እንግዲህ ይሄንኑ ሂሳብ ለሙሉ ከተማ፣ ደቂቃ በደቂቃ የሚሰራ ፕሮግራም ነው። በጣም የታወቀው በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1971 የወጣው ኤስ ደብልዩ ኤም ኤም ነው፣ ባለሙያዎች ስዊም ይሉታል፣ እስካሁን እየታደሰ ነው ያለው፣ በነጻ ነው፣ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት ይችላል። ከተማውን በትንንሽ ተፋሰስ ከፋፍለን የያንዳንዱን ስፋት፣ ተዳፋቱን፣ ምን ያህሉ በጣራና በአስፋልት እንደተሸፈነ፣ ዲቹና ትቦው በየት በየት እንደሚሄድ እንነግረዋለን፣ ከዛ ዝናቡን እናስገባለን። ብክለቱን በሁለት ደረጃ ነው የሚያየው። መጀመሪያ መጠራቀም ነው፣ ከዝናብ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ብናኙ ቶሎ ቶሎ ይከማችና ከዛ ጭማሪው ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ነፋሱና መኪናው ራሱ ወደ ዳር ይበትነዋል። ሁለተኛው መታጠብ ነው፣ እሱ በዋናነት በዝናቡ ሀይል ይወሰናል፣ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ ዝናብ ያላነሳውን ብናኝ የ15 ደቂቃ ዶፍ ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጎርፍ የሚባል ነገር አለ። ረጅም ደረቅ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሲዘንብ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ጥቁር ሆኖ ታዩታላችሁ፣ ከግማሽ ሰአት በኋላ ያው ትቦ ጠራ ያለ ውሃ ይለቃል። ስለዚ ለአንድ መኪና ማቆሚያ ወይም ለአንድ ሰፈር ያንን የመጀመሪያ ውሃ ብቻ ይዞ ማቆየት ብዙ ስራ ይሰራል። ትልቅ ተፋሰስ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፣ የቅርቡ ሰፈር ጎርፍ ቀድሞ ይደርሳል የሩቁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሁሉም ይቀላቀልና የመጀመሪያው ውሃ የሚባለው ተለይቶ አይታወቅም። የመጀመሪያዋን ውሃ እንይዛለን ተብሎ ዋናው ቦይ መጨረሻ ላይ ትልቅ ገንዳ ሲታቀድ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፣ መልሱ ደግሞ በአይን አይገኝም፣ ማስላት ይጠይቃል።

ወንዙ ውስጥ ከገባ በኋላስ? የወንዝ ሞዴል አዲስ ነገር አይደለም፣ ስትሪተርና ፌልፕስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እዛው አሜሪካ ያለውን የኦሃዮ ወንዝ ይዘው በውሃ ውስጥ ያለ ኦክስጅን እንዴት እንደሚወርድና መልሶ እንደሚያገግም በቀመር ያስቀመጡት በ1925 ነው። ጎርፉ ይዞት የገባውን ብስባሽ ባክቴሪያዎች ሲመገቡት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ብዙ አሳ ይጨነቃል። ኦክስጅኑ በጣም የሚወርደው ደግሞ ጎርፉ የገባበት ቦታ ላይ አይደለም፣ ውሃው ከሄደ በኋላ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ነው፣ ሰማዩ ጠርቶ ሰው ዝናቡን ከረሳው በኋላ። ታች አሳ ሞቶ ሲገኝ እዛው አጠገብ ያለ ፋብሪካ የሚወቀስበት ጊዜ አለ፣ ምንጩ ግን ከላይ ያለው ከተማ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ የተበከለ ወንዝ ሲሆን ከሁሉም የከፋው ደለሉ ነው። የብዙ አመት መርዝ ወንዙ ወለል ላይ ተኝቷል፣ ጎርፍ በሀይል ሲመጣ ይቆፍረውና መልሶ ያነሳዋል። አሜሪካ ሲያትል ከተማ ያለውን ዱዋሚሽ የሚባለውን ወንዝ ውሰዱ። ታችኛው 8 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ክፍል በ2001 በአሜሪካ ሱፐርፈንድ በሚባለው በጣም የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ዋናው ጉዳይ ፒሲቢ የሚባለው ኬሚካል ነው። ፒሲቢ እዛ አገር ማምረት የተከለከለው በ1979 ነው፣ ግን ከድሮ ህንጻ ቀለምና ከክፍተት ማሸጊያው እየተፋቀ አሁንም በጎርፍ ይመጣል። የደለል ሞዴል ሲሰራ ወንዙ ውስጥ የሚገባው ደለል አብዛኛው ከላይ ከተፋሰሱ የሚመጣና በንጽጽር ንጹህ የሆነ ነው፣ ከከተማው የጎርፍ ትቦዎች የሚመጣው በመጠን በጣም ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ታዲያ ችግር የለም ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ግን ያ ትንሹ የቆሸሸ ነው፣ የሚያርፈውም ትቦው አፍ አካባቢ ነው፣ ስለዚ ተቆፍሮ የጸዳውን ቦታ መልሶ ሊበክለው ይችላል። ለዛ ነው እዛ ምንጩን መቆጣጠር ከቁፋሮው በፊት ይቅደም የተባለው። ይሄ ሳይደረግ ደለል መቆፈር ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ሞዴል ሁሉን ያውቃል እያልኩ አይደለም፣ የነገርነውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እዛው ሲያትል አካባቢ ኮሆ የሚባለው የሳልሞን አሳ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ ሲገባ ጅረቶች ውስጥ በሰአታት ይሞት ነበር፣ ብረቱም ዘይቱም ተለክቶ ምክንያቱ ለብዙ አመት አልተገኘም። በ2020 መጨረሻ ላይ ነው የታወቀው፣ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ሲክስ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አየር ላይ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ሲክስ ፒፒዲ ኪኖን ወደሚባል መርዝ ይቀየራል፣ ለዛ አሳ በሊትር ከ100 ናኖ ግራም በታች ይበቃዋል። ናኖ ግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው! ማንም ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባውን ነገር የትኛውም ሞዴል ሊያወጣው አይችልም ነበር። ደስ የሚለው ደግሞ መርዙ ሳይታወቅም በፊት ያንኑ የመንገድ ጎርፍ 60 በመቶ አሸዋና 40 በመቶ ኮምፖስት በሆነ አፈር ውስጥ አሳልፈው አሳዎቹን ሲያስገቧቸው አልሞቱም። አፈር! መንገድ ዳር ዝቅ ብሎ የተሰራ፣ እጽዋት ያለበት፣ ውሃ የሚያሰርግ መሬት ይሄን ያህል ይሰራል፣ እኛ ግን ጎርፍ ሲበዛ መጀመሪያ የሚመጣልን ዲቹን በኮንክሪት ማስፋት ነው፣ እሱ ደግሞ ብክለቱን ቶሎ ያደርሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ምንጩ ላይም መስራት ይቻላል፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ግዛቶች በ2010 የፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው መዳብ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ በህግ ወስነዋል።

የሚያናድደኝ ግን የናሙና ነገር ነው። የብዙ ወንዝ ናሙና የሚቀዳው በስራ ሰአት፣ ጸሀያማ ቀን፣ መኪና በሚገባበት ድልድይ ስር ነው። ያ ውሃ ስለ ጎርፍ ምንም አይናገርም። ጎርፍ የሚለካው እየዘነበ ነው፣ ሌሊትም ይሁን እሁድም ይሁን፣ ከዝናቡ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየተወሰነ ደቂቃ ተቀድቶ፣ የውሃው መጠንም አብሮ ተመዝግቦ፣ ምክንያቱም በሊትር ውስጥ ያለው የብክለት መጠን ያለ ውሃው መጠን ቶን አይሰጥም። ይሄን በራሱ የሚቀዳ መሳሪያ አለ፣ ከሌለ ደግሞ ሰው ጃኬት ለብሶ ጠርሙስ ይዞ ይቆማል። ሞዴሉ በነዚህ ዝናቦች ካሊብሬት ይደረጋል (ውጤቱ ከተለካው ጋር እስኪገጥም ይስተካከላል)፣ ከዛ ባላየው ሌላ ዝናብ ይፈተናል። ይሄ ያልተደረገበት ሪፖርት ካርታው በቀለም ቢያምርም ግምት ነው፣ እኔ በሱ ላይ ተመስርቶ አንድ ሜትር ትቦ እንዲቀበር አልፈርምም።

ስለዚ ለጋዜጣችሁ የምለምነው፣ የወንዝ ጽዳት ፕሮጀክት ሲመረቅ ወይም ጥራቱ ተሻሻለ የሚል መግለጫ ሲሰጥ ጋዜጠኞቻችሁ ሶስት ነገር ይጠይቁልን፣ ናሙናው የተቀዳው በየትኛው ቀን ነው፣ በዛ ቀን ስንት ሚሊ ሜትር ዘንቧል፣ ጥሬ ዳታው የት ይገኛል። የመጨረሻው በተለይ። ሶፍትዌሩ በነጻ አለ፣ ሊሰሩበት የሚችሉ ተማሪዎችና ወጣት መሃንዲሶች ሞልተዋል፣ በየቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው የዝናብና የጥራት ዳታ ከተለቀቀላቸው የጎርፉን ድርሻ አስልተው ሊያሳዩን ይችላሉ።

አክባሪያችሁ፣
በውሃ ጥራት ስራ ላይ ያለሁ አንባቢያችሁ