የቅዳሜው የአሞራ ገደል ጉብኝት

ውድ አባላት፣ የፊታችን ቅዳሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የምንሄደው የጉሬዛዎቹን፣ የጦጣዎቹንና አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ጤንነት አይተን ለመመዝገብ ነው። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ እንድንደርስ ከጠዋቱ 1:00 ሰዓት መግቢያው በር ላይ እንገናኝ።

ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስና ውኃ ያዙ። ዳቦ፣ ሙዝና ኦቾሎኒ ቤት ይቅሩ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የጉሬዛ ጨጓራ እንደ ላም ጨጓራ በክፍል በክፍል የተከፈለ፣ ቅጠልን እያብላላ የሚፈጭ ነው። ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ ሲበዛበት አሲድ ይፈጠራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ላይ ቅጠል የሚበሉትንና መሬት ወርደው የሰው እጅ የሚጠብቁትን ለይታችሁ ቁጠሩ። የተመለጠ ጸጉር፣ ማነከስና ቁስል ካያችሁም ጻፉ። ለጦጣ ጥርስ አታሳዩ፣ ዓይን ዓይኑንም አትዩት፤ እንደ ዛቻ ይቆጥረዋል።

የአባ ኮዳ እግር መንጣቱ በሽታ አይደለም፤ ሙቀት ለማብረድ ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነው። የሚያሳስበው የዓሣ መረብ ክር እግሩ ላይ ሲጠመጠምበት ነው። ክሩ የደም ዝውውር ያግዳል፣ እግሩ ያብጣል፣ ውሎ አድሮም ሊቆረጥ ይችላል። ለመፍታት አትሞክሩ፣ መንቁሩ ክፉኛ ያቆስላል፤ ፎቶ አንሱና ለጥበቃ ሠራተኞቹ እንናገር።

ልጆች ይምጡ ወይስ ይቅሩ የሚለውን እዚሁ እንወስን። እኔ ከ10 ዓመት በላይ የሆኑት ቢመጡ እላለሁ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና ስንት እንደምትሆኑ ጻፉልን።