ጅዳ ለመሄድ ለምን መጀመሪያ ወደ ደቡብ እንጓዛለን?

ይድረስ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። ጉዳዬ የጅዳ ጉዞ ነው። ወሎ ውስጥ ሐጅ የሚመኝ አባት ወይም ሳውዲ የሚሠራ ልጅ የሌለበት ሰፈር አታገኙም።

እስቲ ካርታ ዘርጉና እዩት። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ጅዳ በአየር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን። ከቦሌ ደግሞ 1,400 ገደማ። የእኛ ሰው ግን መጀመሪያ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያ ተሳፍሮ ወደመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ከቦሌ ጅዳ ቀጥታ መስመር ብታሰምሩ ደቡብ ወሎን አቋርጦ ነው የሚያልፈው።

በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሰው የሚደክመው መሬት ላይ ነው። ገና ሳይነጋ መናኸሪያ የሚደርሱ እናቶችን አያለሁ። ሻንጣው በገመድ ታስሯል፣ በርበሬውና ቆሎው በፌስታል ተቋጥሯል፣ ፓስፖርቱ በመሐረብ ተጠቅልሎ ጉያቸው ውስጥ ነው። ሐረጎን ወርደው፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፈው፣ ጣርማ በርን ወጥተው ቦሌ እስኪደርሱ ቀኑ ያልቃል። መንገድ ተዘጋ የተባለ ዕለትማ ትኬቱ ይቃጠላል። ይህን ፈርቶ ቀደም ብሎ የሚገባው ደግሞ የአልጋና የምግብ ያወጣል፣ ያውም ለጉዞው ተበድሮ።

ከኮምቦልቻ ቦሌ በረራ አለ ትሉን ይሆናል። አዎ አለ፣ ለሚችል ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ግን እሱም 250 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ቦሌ ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቆጠር።

ከፍታው አይፈቅድም የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። ልክ ነው፣ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ጭነትም ይቀንሳል። ግን ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ከእሱ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ኪው 400 የተባለው አውሮፕላን ደግሞ በአንድ ሙሌት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ስለዚህ ርቀቱ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ትልቅ ዓለም አቀፍ ጣቢያ ገንቡልን እያልን አይደለም። በሐጅ ሰሞንና በረመዳን ብቻ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች ኮምቦልቻ ተመድበው ቀጥታ በረራ ቢሞከርስ? መንደርደሪያው ስንት ሰው ጭኖ ያስነሳል፣ ነዳጁስ፣ የእሳት አደጋ መኪናውስ? ይህን አስጠኑና ውጤቱን ለሕዝብ አውጡት። አይቻልም ከሆነም የጎደለውን በቁጥር ንገሩን፣ እኛም ምን እንደምንጠይቅ እንወቅ።

እስከዚያው ግን አንድ ቀላል ነገር አለ። የኮምቦልቻው በረራ ከጅዳው ጋር በሰዓት ይገናኝ፣ ሻንጣውም ኮምቦልቻ ላይ ተመዝኖ ጅዳ ይረፍ። ለዚህ ከሚመለከታቸው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይበቃል፣ ከመጪው ሐጅ በፊት ቢሆንልን ደግሞ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
የደሴ ነዋሪ