ለኤም.አይ.ቲ. የሚያመለክት ተማሪ ሰነዱን ከመስከረም በፊት ይጨርስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ያወጣችሁት ጽሑፍ ዝናውንና ሕንፃዎቹን በደንብ አሳይቷል። የባሕር ዳር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈልገው ግን መግቢያውን ነው፤ እሱን እንጨምርበት።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1861 የተመሠረተ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ከመጀመሪያ ዲግሪዎቹ በቁጥር ይበልጣሉ፤ ምርምር ዋና ሥራው ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪም ቤተ ሙከራ ገብቶ፣ እየተከፈለው ወይም ክሬዲት እያገኘበት፣ ከፕሮፌሰሮች ጋር ይመራመራል።

ብዙ ወላጅ «ዶላሩ ከየት ይመጣል?» እያለ ልጁን ሳያመለክት ያስቀረዋል። ይህ በጣም ያሳዝነናል። ኤም.አይ.ቲ. የውጭ አገር አመልካችንም ሲመርጥ የመክፈል አቅሙን አያይም፤ ከተቀበለው ቤተሰቡ የማይችለውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስታንፎርድ የውጭ አገር ተማሪ ድጋፍ መጠየቁን በምርጫው ከግምት ያስገባል። በውጤት ብልጫ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ኤም.አይ.ቲ. ስለሌለው፣ «አስገኝላችኋለሁ» ለሚል ደላላ ሳንቲም አትስጡ። ውድድሩ ግን ከባድ ነው፤ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አያልፍም፤ ሌላ ቦታም ማመልከት ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ሰነድ ላይ ነው። «ጸጋዬ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ በ«ቲ»፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ኤስ» ይጀምራል። የልደት ቀኑ አንዱ ላይ በኢትዮጵያ፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሰፍርና ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ፓስፖርት ይውጣ፤ ትራንስክሪፕቱ በእሱ ልክ ይሠራ። የገቢ መግለጫ ቅጹ ላይ ብርና ዶላር እንዳይቀላቀል፤ የእርሻ ገቢም ይጻፍ። ኤስ.ኤ.ቲ. ወይም ኤ.ሲ.ቲ. የሚባለውን የአሜሪካ የመግቢያ ፈተና መውሰድ ግዴታ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ከሁለት መምህራን ይፈለጋል፤ አንዱ የሒሳብ ወይም የሳይንስ፣ ሌላው የቋንቋ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ። መምህሩ ራሱ ጽፎ ራሱ ይላከው፤ ተማሪው አርቅቆ አያስፈርመው።

የማመልከቻ ቅጹ ከክፍል ውጭ ላለ እንቅስቃሴ 4 ቦታ ብቻ ይሰጣል። ጣና ላይ እምቦጭ መንቀል፣ ከብት መጠበቅ፣ ታናናሾችን ማስጠናት ሁሉ ይቆጠራል። ልጆቻችን ይህን ንቀው ስለሚተዉት ቅጻቸው ባዶ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዙር ጥቅምት 22 ገደማ፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ መጨረሻ ይዘጋል። የትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍሎች በመስከረም በምዝገባ ስለሚጨናነቁ የ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት በነሐሴ እንዲያወጡ፣ እናንተም ቀኖቹን በየዓመቱ በሐምሌ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንድታትሙ እንጠይቃለን።

የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ከባሕር ዳር