እማዬ፣ አልመነኮስኩም

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን ምግብ ቀምሰሽ ውሰጂ፣ በባዶ ሆድ አይሆንም።

ስልኩ እየተቆራረጠ በደንብ ስላላወራን ነው የጻፍኩልሽ። ማሚቱ ታንብብልሽ። አንደኛ፣ አልመነኮስኩም። ሲስተሮቹ፣ መነኩሲቶቹ ማለቴ ነው፣ ጋ የምሠራው በነርስነቴ ነው፤ ሲያልቅ ወደ ሥራዬ ወደ ሜሪላንድ እመለሳለሁ። ሁለተኛ፣ «የእኛ አገር ችግረኛ አንሶሽ ነው ጓቲማላ ድረስ የሄድሽው?» ያልሽኝ። እሱ ትንሽ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

አንቺ መነኩሲት ሲባል የሚታይሽ ቆብና የገዳም አጥር ነው። እነዚህ አጥር የላቸውም። የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች ናቸው። አልታ ቬራፓስ በሚባል ኮረብታማ የጓቲማላ ክፍለ አገር፣ ቄቅቺ የሚባሉ የማያ ሕዝቦች መንደር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ውኃ ይቀዳሉ፣ በእንጨት ያበስላሉ፣ በጭሱ ያለቅሳሉ። አንዷ ራሷ ቄቅቺ ናት፤ የቀሩት ቋንቋውን ተምረውታል።

የሚሠሩትን ብታዪው ሥራ አይመስልሽም። ነፍሰ ጡር ሆስፒታል ስትሄድ አብረዋት ይሄዳሉ። ሐኪሙ ስፓኒሽ እንጂ ቄቅቺ አያውቅም፣ እሷ ደግሞ ስፓኒሽ አታውቅም። የመንደሩ አዋላጅም አብራ ትመጣለች፤ አንዳንዴ በር ላይ ያስቀሯታል። ያኔ ሲስተሯ «እሷ ካልገባች እኔም አልገባም» ብላ እዚያው ትቆማለች። የሴቶቹ ስብሰባ ላይ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ዱቄትና ዘይት አያድሉም። እኔ እንደሆንኩ ባነር ሰቅሎ ፎቶ ከሚነሳ ኤንጂኦ ይልቅ ይሄን አከብራለሁ።

ችግረኛ ያልሻቸውን ደግሞ ልንገርሽ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ፖሎቺክ ሸለቆ ውስጥ፣ ሴፑር ዛርኮ የሚባል የቄቅቺ መንደር አለ። በፈረንጆች 1982 ባሎች የመሬታቸው ሕጋዊ ወረቀት ይሰጠን ስላሉ ወታደር መጥቶ ወሰዳቸው። አልተመለሱም። ሚስቶቻቸውን ጦር ሰፈሩ በተራ እያስመጡ ምግብ አስበሰሏቸው፣ ልብስ አሳጠቧቸው፣ ደፈሯቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ 11 ሴቶች፣ አሁን አያቶች ሆነው፣ ዋና ከተማው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው፣ በአስተርጓሚ ተናገሩ። የካቲት 2016 ላይ፣ በፈረንጆች ማለቴ ነው፣ አንዱ የጦር መኮንን 120 ዓመት፣ ተባባሪው 240 ዓመት ተፈረደባቸው። እኛ መንደር ይህን ታሪክ የማያውቅ ሴት የለም። እንዲህ ያለች ሴት «ልርዳሽ» ብዬ ብመጣባት ትስቅብኛለች።

ይሄ ሁሉ የሆነበት የጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በፈረንጆች ከ1960 እስከ 1996 ቆይቶ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ሞቶበታል ወይ ጠፍቶበታል፣ አብዛኛው ማያ። ቱሊዮ ማሩዞ የሚባሉ ጣልያናዊ የፍራንሲስካን ቄስም ከገበሬው ጎን በመቆማቸው በ1981 ከረዳታቸው ከሉዊስ አሮዮ ጋር ተገድለዋል። ሲስተሮቹ ስማቸውን በጸሎት ያነሳሉ። ከዚያ ወደ ሥራ።

ደስ የሚልሽን ልንገርሽ ደግሞ። አክስቴ ጅዳ ማዳሟ ቤት ቡናው ላይ ትጨምረው የነበረው ሄል ከዚህ የሄደ ሊሆን ይችላል! ጓቲማላ ሄል ለውጭ በመሸጥ ከዓለም ቀዳሚ ናት፣ ብዙው የሚበቅለው እዚሁ አልታ ቬራፓስ ነው፣ ሳዑዲዎች ደግሞ ዋና ገዢዎቿ ናቸው። ሴቶቹ ጭቃ ለጭቃ እየሄዱ ይለቅሙታል እንጂ ቤታቸው አይጠቀሙበትም። ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላ ነው፤ እዚህም ደላላ አለልሽ።

ሽመና ደግሞ የሴት ሥራ ነው። የድሩን አንድ ጫፍ ምሰሶ ላይ ያስሩታል፣ ሌላው በወገባቸው ይዞራል፤ ወደኋላ ለጠጥ ሲሉ ይወጠራል። ፒክቢል የሚሉት፣ ነጭ በነጭ ጥለት ያለው ስስ ጨርቅ አላቸው፤ ነጠላ ነው የሚመስለው። አሜሪካዊቷ ሲስተር ልሞክር ብላ ፈትሉን ስታወሳስበው ሴቶቹ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች። በቄቅቺ የተናገረችው ነገር የባሰ አሳቃቸው፤ ምን እንዳለች ግን አልነገሩኝም።

የሐበሻን ጥበብ ነገርኳቸው፣ በፎቶም አሳየኋቸው፤ አልበቃቸውም። ክሩን መቁጠር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማሚቱ ስትመጣ ያን አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላሽን ላኪልኝ። ያረጀውን ነው ያልኩሽ፣ እማዬ። አውቅሻለሁ፣ አዲሱን እንዳትልኪ።

ልጅሽ